አላን ቱሪንግ፤ አንዱ መኪና ሌላውን መኪና ሊሆን እንደሚችል ያሳየ ሰው

በዚህ ጽሑፍ የምናወሳው ሰው ከሞተ ከ70 ዓመት በላይ ሆኖታል። ስሙ አላን ቱሪንግ ይባላል። የሒሳብና የምሕንድስና ተማሪዎች የሆኑ ጓደኞቻችን ስሙን በየመማሪያ መጽሐፋቸው ያገኙታል፤ የሌላው ክፍል ተማሪዎች ግን ከስሙ በቀር ስለ ሕይወቱ የሰሙት ብዙ ላይሆን ይችላል። እኛም ታሪኩን ለመጻፍ የተነሣነው አንድ ጥያቄ ስለ ገፋፋን ነው። ጥያቄውም ይህ ነው፤ ለአንድ ዓይነት ኮምፒዩተር የተጻፈ ፕሮግራም፣ ቋንቋው ፈጽሞ በተለየ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ሲሠራ የምናየው እንዴት ነው?

እንደሚታወቀው እያንዳንዱ የኮምፒዩተር ዓይነት የራሱ ቋንቋ አለው። ቋንቋው ቃል ሳይሆን ቍጥር ነው። በአንዱ ኮምፒዩተር ዘንድ ደምር ማለት የሆነው ቍጥር በሌላው ዘንድ ቀንስ ማለት ሊሆን፣ ወይም ከነጭራሹ ምንም ትርጉም ላይኖረው ይችላል። ሆኖም የአፕል ኩባንያ በ2006 የኮምፒዩተሮቹን አንጎል ከፓወር ፒሲ ወደ ኢንቴል፣ በ2020 ደግሞ ከኢንቴል ወደ አርም በለወጠ ጊዜ አሮጌዎቹ ፕሮግራሞች በአዲሶቹ ኮምፒዩተሮች ላይ መሥራታቸውን ቀጥለዋል። በመካከል ቆሞ የሚያስተረጕም ሌላ ፕሮግራም ስለ ነበረ ነው። የዚህን አስተርጓሚ የዘር ሐረግ ወደ ኋላ ብንከተል ኮምፒዩተር የሚባል ዕቃ ገና በዓለም ላይ ሳይኖር በ1936 ሐሳቡን በወረቀት ላይ ካሰፈረ የ23 ዓመት ወጣት እንደርሳለን። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ልጅነቱና ትምህርቱ

አላን ማቲሰን ቱሪንግ ጁን 23 ቀን 1912 በለንደን ከተማ ተወለደ። አባቱ ጁልየስ ቱሪንግ በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ አገዛዝ ሥር በነበረችው በሕንድ የመንግሥት ሠራተኛ ነበሩ። ወላጆቹ ወደ ሕንድ በተመለሱ ቍጥር አላንንና ታላቅ ወንድሙን ጆንን እንግሊዝ አገር ከአንድ ጡረተኛ ኮሎኔል ቤት እየተዉአቸው ይሄዱ ስለ ነበር፣ ልጁ ያደገው ከእናትና ከአባቱ ርቆ በሰው ቤት ነው።

በ1926 ሸርቦርን ወደሚባል አዳሪ ትምህርት ቤት እንዲገባ ተወሰነ። ትምህርት የሚጀመርበት ቀን እንግሊዝ አገር በሙሉ ሠራተኛው አድማ ከመታበት ሳምንት ጋር ገጠመ፤ ባቡርም ቆመ። የ13 ዓመቱ ልጅ ግን ቀኔ አያልፍም ብሎ ከሳውዝሃምፕተን ወደብ በብስክሌት ተነሣ፤ መንገድ ላይ አንድ ሌሊት አድሮ ወደ 100 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ጕዞ በማድረግ ትምህርት ቤቱ ደረሰ። እንዲህ ያለው ጽናት እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አልተለየውም። በትምህርት ቤቱ ዘንድ ይከበሩ የነበሩት ላቲንና ግሪክ ስለ ነበሩ፣ ለሒሳብና ለኬሚስትሪ ያደላው፣ ጽሕፈቱም የማይነበበው ይህ ልጅ ከመምህራኑ ብዙ ምስጋና አላገኘም።

በዚያ ትምህርት ቤት ክሪስቶፈር ሞርኮም የተባለ የአንድ ዓመት ታላቁ የሆነ ጓደኛ አገኘ። ሁለቱም ከዋክብትን ይመለከቱ፣ ስለ ሳይንስ ሲከራከሩ ይውሉ ነበር። ሞርኮም ለካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የነጻ ትምህርት ፈተና አልፎ ሊሄድ ሲዘጋጅ በፌብሩዋሪ 1930 በሳንባ ነቀርሳ ዓይነት በሽታ ሞተ። ቱሪንግ ሐዘኑን ቶሎ አልረሳም። ለሟቹ እናት በጻፋቸው ደብዳቤዎች የሰው አእምሮ ከሥጋው ተለይቶ ሊኖር ይችል እንደ ሆነ ያጠይቅ ነበር። ይህ ጥያቄ በወጣትነት ሐዘን የተነሣ ቢሆንም፣ አንድ ነገር ምን እንደሚሠራና ከምን እንደ ተሠራ ለይቶ የማየት ልማድ በኋላ ሥራው ሁሉ ይታያል።

ቱሪንግ በ1931 ካምብሪጅ ኪንግስ ኮሌጅ ገባ። በ1934 በከፍተኛ ማዕርግ ተመረቀ፤ በ1935 ገና በ22 ዓመቱ የኮሌጁ ባልደረባ ሆኖ ተመረጠ።

ያልተሠራው መኪና

በ1935 ማክስ ኒውማን የተባሉ መምህር ስለ ሒሳብ መሠረቶች ትምህርት ይሰጡ ነበር። ዴቪድ ሒልበርት የተባለው ስመ ጥር ጀርመናዊ አንድ ጥያቄ አቅርቦ ነበር። ጥያቄው፣ ማንኛውም የሒሳብ አረፍተ ነገር ቢቀርብ እውነት መሆኑን ወይም አለመሆኑን ያለ ምንም ፈጠራ፣ ሕግን ደረጃ በደረጃ በመከተል ብቻ የሚለይ ዘዴ ይገኛል ወይ የሚል ነው። እንዲህ ያለ ዘዴ የለም ለማለት በመጀመሪያ ዘዴ ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ መወሰን ያስፈልጋል። ብዙዎችን ያሰናከለውም ይኸው ነበር።

ቱሪንግ ነገሩን ያየው ከሥር ነው። በዚያ ዘመን ኮምፒዩተር የሚለው ቃል የሰው የሥራ ስም ነበር፤ በእርሳስና በወረቀት ሲደምርና ሲያባዛ የሚውል ጸሐፊ ማለት ነው። ይህ ጸሐፊ በእውነት ምን ያደርጋል? አንድ ምልክት ያያል፤ ያለበትን የሥራ ደረጃ ያስታውሳል፤ በሕጉ መሠረት ምልክቱን ይፍቃል ወይም ሌላ ይጽፋል፤ ዓይኑን ወደ ቀጣዩ ያዛውራል። ከዚህ የበለጠ የሚያደርገው የለም። ስለዚህ ቱሪንግ በካሬ የተከፋፈለ ረጅም የወረቀት ጥብጣብ፣ አንድ ካሬ ብቻ የሚያነብና የሚጽፍ ራስ፣ እንዲሁም የሕግ ሠንጠረዥ ያለው መኪና በሐሳቡ ሠራ። በሕግ ሊሰላ የሚችል ነገር ሁሉ በእንዲህ ያለ መኪና ሊሰላ እንደሚችል አስረዳ።

ታላቁ እርምጃ ከዚህ ቀጥሎ የመጣው ነው። እያንዳንዱ መኪና የሚለየው በሕጉ ሠንጠረዥ ነው። ሠንጠረዡ ግን በምልክት ሊጻፍ ይችላል። በምልክት የተጻፈ ነገር ደግሞ በጥብጣብ ላይ ሊሰፍር ይችላል። እንግዲያው የሌላውን መኪና ሠንጠረዥ ከጥብጣብ እያነበበ ያ መኪና የሚሠራውን ሁሉ የሚሠራ አንድ መኪና ቢኖርስ? ቱሪንግ የዚህን ሁለ ገብ መኪና ሠንጠረዥ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጻፈው።

ነገሩን ከምናውቀው ዕቃ ጋር እናነጻጽረው። የስፌት መኪና ይሰፋል፤ የቡና መፍጫ ይፈጫል፤ አንዱ የሌላውን ሥራ ሊሠራ አይችልም፤ ሥራው በብረቱ ቅርጽ ተወስኗልና። ይህ መጽሔት የሚባዛበት መኪና ግን ግጥምም ቢሰጡት የስብሰባ ማስታወቂያ ለይቶ አያውቅም፤ ሥራውን የሚቀበለው ከስቴንስሉ ነው። የቱሪንግ መኪና ከዚህም ያልፋል። በላዩ የሚሰጠው ጽሑፍ የሌላ መኪና መግለጫ ነውና፣ ጽሑፉን ሲቀበል ያንኑ መኪና ይሆናል። አንዱ ኮምፒዩተር ሌላውን ስለ መምሰሉ የምንናገረው ሁሉ ሥሩ ይህ ነው።

በዚያው ጽሑፍ ቱሪንግ ወሰኑንም አሳየ። የየትኛውንም መኪና መግለጫ ተቀብሎ፣ ይህ መኪና ሥራውን ሳያቋርጥ ይቀጥላል ወይስ አንድ ቦታ ተጣብቆ ይቀራል ብሎ ያለ ስሕተት የሚፈርድ መኪና ሊኖር እንደማይችል አረጋገጠ። ከዚህም የሒልበርት ጥያቄ መልሱ የለም የሚል ሆነ። አሜሪካዊው አሎንዞ ቸርች በሌላ መንገድ ወደዚሁ መልስ ጥቂት ቀድሞ ደርሶ ነበር፤ ሆኖም መኪናውን ያሰበ ቱሪንግ ብቻ ነው። በ1936 ወደ ፕሪንስተን ሄዶ በቸርች መሪነት ጥናቱን ቀጠለ፤ በ1938 የዶክተርነት ማዕርግ አግኝቶ ወደ አገሩ ተመለሰ።

የጦርነቱ ዘመን

እንግሊዝ በጀርመን ላይ ጦርነት ባወጀች ማግስት፣ ሴፕቴምበር 4 ቀን 1939፣ ቱሪንግ ብሌችሊ ፓርክ ወደሚባለው የምሥጢር ሥራ ቦታ ገባ። የጀርመን ጦር ኤኒግማ በሚባል መኪና መልእክቱን እየቀላቀለ ይልክ ነበር። ተሽከርካሪ ጐማዎቹ በየፊደሉ ስለሚዞሩ የመኪናውን አኳኋን ለሚያውቅ ሰው እንኳ የዕለቱ ቁልፍ ካልተገለጠለት መልእክቱ አይነበብም።

የኤኒግማን ምሥጢር በመጀመሪያ የፈቱት የፖላንድ ሒሳብ ዐዋቂዎች ናቸው። ማሪያን ሬየቭስኪ በ1932 መጨረሻ ላይ የመኪናውን ውስጣዊ አሠራር ደረሰበት፤ ከጓደኞቹ ከሩዚትስኪና ከዚጋልስኪ ጋርም ቁልፍ የሚፈልግ መሣሪያ ሠሩ። ጦርነቱ ሊጀመር ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት በጁላይ 1939 የደረሱበትን ሁሉ ለእንግሊዞችና ለፈረንሳዮች አስረከቡ። ይህ ውለታ ብዙ ጊዜ ሲዘነጋ ስለምናይ እዚህ ላይ ማንሣታችን ተገቢ ነው።

ቱሪንግ በዚያ መሠረት ላይ ቦምብ የሚባለውን አዲስ መኪና ነደፈ። ጎርደን ዌልችማን ከባድ ማሻሻያ ጨመረበት፤ የመጀመሪያውም በማርች 1940 ሥራ ጀመረ። ቦምብ ምንድን ነው ቢሉ፣ በ108 ተሽከርካሪ ከበሮዎች የ36 ኤኒግማዎችን አካሄድ በአንድ ጊዜ የሚመስል መኪና ነው። በመልእክቱ ውስጥ ሊገኝ የሚችል አንድ የታወቀ ሐረግ፣ ለምሳሌ የአየር ጠባይ ወሬ፣ ይገመታል፤ መኪናው የጐማዎቹን አቀማመጥ እየፈተነ እርስ በርሱ የሚጋጨውን ይጥላል፤ የቀሩትን ጥቂቶች ሰዎች ይመረምሯቸዋል። አንድ የኤኒግማ ጠባይም ረዳቸው፤ ማንኛውም ፊደል ራሱን ሆኖ አይወጣም ነበርና። ቦምብ ሁለ ገብ መኪና አልነበረም፤ አንድ መኪና ብቻ የሚመስል መኪና ነበር። ቢሆንም የጠላትን መኪና ለማሸነፍ ያንኑ መኪና በራስ ቤት መልሶ ማስነሣት እንደሚጠቅም በተግባር አሳየ።

ቱሪንግ የራሱን ድርሻ ያደረገው የጀርመን ባሕር ኃይል መልእክት ነበር፤ ከሁሉ የከበደው እርሱ ነበርና። በአትላንቲክ ውቅያኖስ ሰርጓጅ መርከቦች እህልና መሣሪያ የጫኑትን መርከቦች ያሰጥሙ ስለ ነበር የእንግሊዝ ሕዝብ እንጀራ በዚህ ላይ የተንጠለጠለ ሆነ። በኦክቶበር 1941 ቱሪንግና ሦስት የሥራ ጓደኞቹ ሠራተኛ እንዳነሳቸው በመግለጽ አለቆቻቸውን አልፈው በቀጥታ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ለዊንስተን ቸርችል ጻፉ፤ ቸርችልም የጠየቁት ሁሉ ከሌላው ቀድሞ እንዲፈጸም አዘዙ። ጦርነቱ ሲያልቅ ከ200 በላይ ቦምቦች ይሠሩ ነበር። ቱሪንግ በ1946 ኒሻን ተሸለመ፤ ኒሻኑ ስለ ምን እንደ ተሰጠው ግን ለእናቱ እንኳ ሊናገር አልተፈቀደለትም። ምሥጢሩ ለሕዝብ መገለጥ የጀመረው በ1970ዎቹ፣ እርሱ ከሞተ ከ20 ዓመት በኋላ ነው።

ሐሳቡ ወደ ብረት ሲለወጥ

ከጦርነቱ በኋላ ቱሪንግ በብሔራዊ የፊዚክስ ላቦራቶሪ ተቀጠረ፤ በ1945 መጨረሻም ኤስ የሚባል የኤሌክትሮኒክ ኮምፒዩተር ሙሉ ንድፍ ጻፈ። የእርሱ አሳብ ከሌሎች የሚለየው በአንድ ነገር ነው። ሌሎች መኪናው አዲስ ሥራ እንዲሠራ አዲስ መሣሪያ ይጨመርበት ሲሉ፣ እርሱ መሣሪያው ጥቂትና ፈጣን ይሁን፤ የቀረውን በትእዛዝ ጽሑፍ እንሥራው ይል ነበር። በፌብሩዋሪ 1947 ለለንደን የሒሳብ ማኅበር ባደረገው ንግግር አንዱ መኪና የሁሉን ሥራ ሊሠራ ስለሚችል ለየሥራው የተለየ መኪና መሥራት እንደማያስፈልግ አስረዳ። ትእዛዞቹም በማስታወሻ ክፍል እንደ ማንኛውም ቍጥር ስለሚቀመጡ፣ መኪናው የራሱን ትእዛዝ ራሱ ሊለውጥ እንደሚችል አመለከተ። ይህን የመጨረሻ ነጥብ አንባቢ እንዲያስታውሰው እንለምናለን፤ በኋላ እንመለስበታለንና።

የመሥሪያ ቤቱ መጓተት ግን አሰለቸው። በዚያ ወራት ብስጭቱን በሩጫ ይወጣው ነበር፤ በ1947 የማራቶን ርቀት በ2 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ፈጽሟል። በ1948 ወደ ማንችስተር ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ። በዚያ ፍሬዲ ዊልያምስና ቶም ኪልበርን የሠሩት ትንሽ ኮምፒዩተር ጁን 21 ቀን 1948 በማስታወሻው ውስጥ የተቀመጠ ፕሮግራም በመፈጸም ከዓለም የመጀመሪያ ሆኖ ነበር። የእርሱ ኤስ አነስ ባለ መጠን ተሠርቶ ሥራ የጀመረው እርሱ ከለቀቀ በኋላ በሜይ 1950 ነው።

ከዚህ ዘመን ሥራዎቹ አንዱ በተለይ ከርእሳችን ጋር ይሄዳል። ቱሪንግ ከዴቪድ ሻምፐርናውን ጋር ቼዝ የሚጫወት ፕሮግራም ጻፈ፤ ነገር ግን ሊያስኬደው የሚችል ኮምፒዩተር አልነበረም። ምን አደረገ? እርሱ ራሱ መኪና ሆነ። በ1952 ከአሊክ ግሌኒ ጋር ሲጫወት ሐሳቡን ሳይጨምር የፕሮግራሙን ሕግ በወረቀት እየተከተለ እያንዳንዱን እንቅስቃሴ ያሰላ ነበር፤ ለአንዱ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጅ ነበር ይባላል። ፕሮግራሙ ተሸነፈ። ከ60 ዓመት በኋላ በ2012 ያንኑ ፕሮግራም በዘመናዊ ኮምፒዩተር ላይ አስነሥተውት ጋሪ ካስፓሮቭ በ16 እንቅስቃሴ አሸነፈው። መኪና ሰውን፣ ሰውም መኪናን ሊመስል እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አላገኘንም። በ1950 ባወጣው ጽሑፉም መኪና ያስባል ወይ የሚለውን ጥያቄ የማስመሰል ጨዋታ በማድረግ የተመለከተው ከዚሁ አስተሳሰብ በመነሣት ነው።

አስተርጓሚው ለምን እየሠራ ይተረጕማል?

እዚህ ላይ ወደ መጀመሪያው ጥያቄያችን እንመለስ። ሁለ ገቡ መኪና የሌላውን መኪና ሥራ ይሠራል፤ ግን ቀርፋፋ ነው። ለእያንዳንዱ እርምጃ ወደ መግለጫው ተመልሶ፣ ትእዛዙን ፈልጎ፣ ትርጉሙን አውጥቶ መፈጸም አለበት። ያው ትእዛዝ አንድ ሺህ ጊዜ ቢመጣ አንድ ሺህ ጊዜ እንደ አዲስ ይተረጕመዋል። በችሎት ቆሞ ምስክሩ በተናገረ ቍጥር ያንኑ ቃል ደግሞ ደጋግሞ የሚያስተረጕም ሰው ይመስላል።

ሌላው መንገድ ፕሮግራሙን ሁሉ አስቀድሞ ተርጕሞ መጨረስ ነው። የሚያምር ሐሳብ ነው፤ ዳሩ ግን ሁልጊዜ አይሆንም። በማስታወሻ ክፍል ትእዛዝና ተራ ቍጥር ተደባልቀው ይቀመጣሉ፤ የትኛው ትእዛዝ የትኛው ቍጥር እንደ ሆነ በመልካቸው አይለዩም። ለማወቅ የሚቻለው የፕሮግራሙ አካሄድ በዚያ በኩል ያልፋል ወይስ አያልፍም የሚለው ሲታወቅ ነው። ይህን ለማንኛውም ፕሮግራም አስቀድሞ መፍረድ እንደማይቻል የሚያሳየን ደግሞ ያ የ1936ቱ ማረጋገጫ ነው። በዚህም ላይ ቱሪንግ በ1947 እንዳመለከተው ፕሮግራሙ እየሄደ ሳለ የራሱን ትእዛዝ ሊለውጥ ይችላል፤ ትናንት የተተረጐመው ዛሬ ውሸት ይሆናል።

የቀረው ሦስተኛው መንገድ እየሠሩ መተርጐም ነው። አስተርጓሚው ፕሮግራሙ ከቆመበት ቦታ ይነሣል፤ መንገድ እስከሚገነጠልበት ትእዛዝ ድረስ ያለውን ቁራጭ ብቻ ወደ አስተናጋጁ ኮምፒዩተር ቋንቋ ይተረጕማል፤ ትርጉሙን በማስታወሻ ያኖራል፤ ከዚያም ያስኬደዋል። ሁለተኛ ወደዚያ ቁራጭ ሲደርስ አይተረጕምም፤ ያኖረውን አውጥቶ ያስኬዳል። ሁለት ቁራጮች ዘወትር የሚከታተሉ ከሆነ አንዱን ከሌላው ጫፍ ጋር ይቀጥላቸዋል። ፕሮግራሙ የራሱን ትእዛዝ የለወጠ እንደ ሆነ የዚያን ቦታ ትርጉም ጥሎ እንደገና ይተረጕማል። ጥቃቅን የሚመስሉ ልማዶችንም መጠበቅ አለበት፤ ለምሳሌ አንዱ ኮምፒዩተር ትልቅ ቍጥርን ከራስጌ ጀምሮ ሲያስቀምጥ ሌላው ከግርጌ ይጀምራል። በፕሮግራሞች ዘንድ አብዛኛው ጊዜ የሚያልቀው በጥቂት ተደጋጋሚ ቁራጮች ላይ ስለ ሆነ፣ ለትርጉም የወጣው ድካም ብዙ እጥፍ ይመለሳል።

ይህን ቱሪንግ ሠራው አንልም። አይቢኤም በ1964 ሲስተም 360 የተባሉትን ኮምፒዩተሮች ሲያወጣ አንዳንዶቹ የቀድሞውን 1401 እንዲመስሉ አድርጎ ነበር፤ የደንበኞቹ ፕሮግራም ከንቱ እንዳይቀር ነው። በ1984 ፒተር ዶይችና አለን ሺፍማን ስሞልቶክ ለሚባለው ቋንቋ እየሠሩ የመተርጐምን ዘዴ ገለጹ። በ2000 ትራንስሜታ የተባለ ኩባንያ የኢንቴልን ቋንቋ በዚሁ መንገድ የሚተረጕም አንጎል አወጣ፤ ከ2003 ጀምሮ ደግሞ የፋብሪስ ቤላር ኬሙ የተባለው ፕሮግራም ብዙ ዓይነት ኮምፒዩተሮችን በአንዱ ላይ ያስነሣል። የእነዚህ ሰዎች ድካም የራሳቸው ነው። ቱሪንግ የሰጣቸው ሁለት ነገር ነው፤ ሥራው የሚቻል መሆኑን የሚያረጋግጥ ማስረጃ፣ እንዲሁም ለምን በዚህ መንገድ እንጂ በዚያ እንደማይሠራ የሚያሳይ ወሰን።

ፍርዱና ሞቱ

በጃንዋሪ 1952 የቱሪንግ ቤት በሌባ ተዘረፈ። እርሱም እንደ ማንኛውም ዜጋ ለፖሊስ አመለከተ። በምርመራው ጊዜ ከአንድ ወንድ ጋር ግንኙነት እንደ ነበረው ሲጠየቅ አልደበቀም። በእንግሊዝ በ1885 የወጣው ሕግ ይህን እንደ ወንጀል ይቈጥር ነበርና የተበደለው ሰው ተከሳሽ ሆነ። በማርች 31 ቀን 1952 ጥፋተኛ ተባለ፤ ከእስራት ወይም ለአንድ ዓመት የሴት ሆርሞን መድኃኒት ከመቀበል አንዱን እንዲመርጥ ተደረገ። መድኃኒቱን መረጠ። ሰውነቱ ተለወጠ፤ ከጦርነቱ በኋላም ይካፈለው ከነበረው የመንግሥት ምሥጢር ሥራ ተወገደ። በብሌችሊ ያደረገው ገና በምሥጢር የተቈለፈ ስለ ነበረ ጋዜጣ አንባቢው ሕዝብ ስለ ማን እንደሚያነብ አላወቀም።

ሥራውን ግን አልተወም። በዚያው በ1952 የእንስሳት ቆዳ ዝንጉርጉርነት በሁለት ኬሚካሎች መስፋፋትና መጋጠም እንዴት ሊፈጠር እንደሚችል የሚያሳይ ጽሑፍ አወጣ፤ ጽሑፉ ዛሬ በሥነ ሕይወት ጥናት ዘንድ ታላቅ ሥፍራ አለው።

ጁን 7 ቀን 1954 በዊልምስሎ ቤቱ በሳያናይድ መርዝ ሞተ፤ በማግስቱም ሠራተኛይቱ አገኘችው። በአልጋው አጠገብ ግማሹ የተበላ ፖም ነበር፤ ፖሙ ግን አልተመረመረም። መርማሪው ዳኛ ራሱን ገደለ ብሎ ፈረደ። እናቱ ቤቱ ውስጥ በሚያደርገው የኬሚካል ሙከራ በስሕተት የደረሰ አደጋ ነው ብለው እስከ መጨረሻው ያምኑ ነበር። ዕድሜው 41 ዓመት ነበር።

የአሜሪካ የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ማኅበር ከ1966 ጀምሮ ታላቁን ሽልማቱን በስሙ ይሰጣል። በ2009 የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ጎርደን ብራውን በመንግሥት ስም ይቅርታ ጠየቁ፤ በ2013 ንግሥቲቱ ምሕረት ሰጡት፤ በ2017 በዚያው ሕግ ለተቀጡ ሌሎች ብዙ ሺህ ሰዎች ምሕረቱ ተዳረሰ። ከ2021 ጀምሮ መልኩ በ50 ፓውንድ ብር ላይ ታትሟል።

ከዚህ ሕይወት ምን እንማራለን?

በየመኝታ ክፍላችንና በየምግብ አዳራሹ ከሚነሡት ክርክሮች አንዱ፣ ተማሪ ለአገሩ ወዲያው የሚጠቅመውን ብቻ ያጥና ወይስ ጥቅሙ የማይታየውንም የሚለው ነው። ቱሪንግ በ1936 ያነሣው ጥያቄ ለማንም እንጀራ የሚሆን አይመስልም ነበር። ከ3 ዓመት በኋላ ግን ያው አእምሮ እህል የጫኑ መርከቦችን ከመስጠም ለማዳን ተፈለገ፤ ከዚያም ወዲህ ዓለም የሚሠራባቸው ኮምፒዩተሮች ሁሉ በሐሳቡ ላይ ቆመዋል። እኛ ከዚህ የምናወጣው፣ ንጹሕ ሳይንስን ቅንጦት ብሎ የሚንቅ ጓደኛችን ሒሳቡን ቸኵሎ እንደ ዘጋ ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ስለ ወሰን ነው። የማይቻለውን ማወቅ ተስፋ መቍረጥ አይደለም። ፕሮግራምን ሁሉ አስቀድሞ ለመረዳት እንደማይቻል ስለ ታወቀ ነው መሐንዲሶቹ እየሠሩ ወደ መተርጐም የሄዱት። በሩ እንደ ተዘጋ ያረጋገጠ ሰው ሌላውን በር እንድንፈልግ ጊዜያችንን ያተርፍልናል።

ሦስተኛው ይበልጥ የሚከብድ ነው። የእንግሊዝ መንግሥት ይህን ሰው በጦርነት ጊዜ ተጠቀመበት፤ በሰላም ጊዜ ቀጣው፤ ከሞተ ከ55 ዓመት በኋላ ይቅርታ ጠየቀው። ይቅርታው መልካም ነው፤ ለእርሱ ግን አልደረሰም። አሮጌ ፕሮግራም መኪናው ከሞተ በኋላ በሌላ መኪና ላይ ሊነሣ ይችላል፤ ሰውን ግን እንዲህ ማድረግ አይቻልም። ስለዚህ በመካከላችን ያለውን ከሌላው የተለየ ሰው ልናከብረው የሚገባን በሕይወት ሳለ ነው።